ፈረንጆቹ ያነሱት ነጠላ

እህቴን ለሰላም ሰጧት። ሌላ አነጋገር ባገኝለት ደስ ባለኝ፤ ግን ያኔም የተባለው ይኸው ነበር፤ «ለሰላም ተሰጠች»። ሰላም የሚባለው ነገር አፍ አውጥቶ የጠየቃት ይመስል።

አሁን አሁን ሬዲዮ ስከፍት የውጭ ጦር ሰላም ለማስከበር እዚህም እዚያም ሲላክ እሰማለሁ። ሴቶችም በሰላሙ ሥራ ይግቡ፣ ድርድሩ ላይ ይቀመጡ ይላሉ። እሰይ፣ ደግ ነው። ብቻ እንደ አዲስ ነገር ሲያወሩት ንድድ ይለኛል። እኛ ሰፈር ወንድን ከወንድ መገላገል የሴት ሥራ ነበር። ከእጃችን እንዴት እንደወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጣልያን ከመቀሌ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። አባቴ ከወሎ በቅሎ እየነዳ መጥቶ እዚያው የቀረ ነጋዴ ነበር፤ እናቴ ግን የመቀሌ ልጅ ናት። ከአባታችን ጋር በአማርኛ፣ ከእናታችን ጋር በትግርኛ እንነጋገራለን፤ ሲጣሉ ሁለቱም ይደባለቃል። ልጆቻቸው እኔና እህቴ ብቻ ነን። እህቴ ትበልጠኛለች። ስትስቅ ሦስተኛ ቤት ድረስ ትሰማለች፤ ጥጥ ስትፈትል ደግሞ የሚደርስባት የለም። እናቴ የምትለብሰው ነጠላ ከእሷ ፈትል የተሠራ ነበር።

ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ጣልያኖች ለምሽጋቸው ያስቆፈሩት የውኃ ጉድጓድ አለ። እነሱ ሲሄዱ የላይ ሰፈርም የታች ሰፈርም «የኛ ነው» አሉ። የላይኞቹ እኛ ነን። በጋው ከረረና ውኃው ቀነሰ። ጦርነቱ ጥሎት የሄደ ጠመንጃ በየቤቱ ነበርና ወንዱ ሁሉ ጀግና ሆነ። ከሁሉም የባሰው አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ሜዳ ሲወጣ እንኳ ጠመንጃውን አይለይም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሴቶቹ እንስራ ይዘን ተራ ስንጠብቅ የሁለቱ ሰፈር ወንዶች ጉድጓዱ ላይ ተፋጠጡ። ስድቡ አለቀና ጠመንጃ ማቀባበል ጀመሩ። እናቴ እንስራዋን አስቀመጠች፤ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችና በሁለቱ መሃል መሬት ላይ ዘረጋችው። ከታች ሰፈር አንዲት አሮጊት የራሷን አጠገቡ ዘረጋች። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ነፋስ እንዳይወስደው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ድንጋይ አስቀመጡበት።

የሴት ነጠላ በጠበኞች መሃል ከተጣለ ወንድ አያልፈውም። አለፈ ማለት እናቱን ረገጠ ማለት ነው። ነጠላው እዚያው ያድራል፤ ሴቶቹም ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ወደ ቤት ይገባሉ። ሚስቱ፣ እናቱ፣ እህቱ ራሷን ገልጣ በሰው ፊት ስትሄድ ያየ ወንድ ያፍራል፤ ከማፈሩ የተነሳም ለዕርቅ ይቻኮላል። ሴቶቹ ጠቡን ከሁለቱም ወገን ይሰማሉ። «በቃን» የሚለው ቃል ከሁለቱም ሲመጣ፣ የጣለችው ሴት ራሷ ሄዳ ታነሳዋለች። ሌላ ሰው አይነካውም።

ያን ቀን ወንዶቹ አፈሙዝ ዘቅዝቀው ተበተኑ። እናቴ ራሷን እንደገለጠች ስትገባ እህቴ አይታት ሳቀች፤ «አደይ፣ ጸጉርሽ ገና ጥቁር ነው ለካ» አለቻት። እናቴም ሳቀች።

በማግስቱ ጠዋት ፈረንጆቹ መጡ። ጣልያኖች አይደሉም፤ ጣልያንን አስወጥተው ምሽጉን የያዙት ሌሎቹ ናቸው። ሹማቸው ረጅም፣ ሰው የሚያከብር ሰው ነበር። ጠብ መነሳቱን ሰምቶ ሰላም ሊያስጠብቅ በመኪና ወረደ። ጉድጓዱ አጠገብ መሬት ላይ የተዘረጋ የሴት ልብስ አየ። ምስኪኖቹ በድንጋጤ ጥለውት የሸሹ መሰለው። ወታደሮቹን አዝዞ አስለቀመው፤ አቧራውን አራገፉት፤ እጥፍጥፍ አድርገው በየቤቱ እንዲታደል ላኩት። አስተርጓሚው ከሩቅ አገር ይዘውት የመጡት ሰው ነው፤ አማርኛ ይችላል እንጂ ወጋችንን አያውቅም። ይህን ሁሉ ክፋት ነው አልልም። ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የታጠፈው ነጠላ እናቴ እጅ ሲገባ ፊቷ ጠቆረ። በእጇ እንደያዘችው ወደ ጉድጓዱ ሮጠች። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ተኩስ ተሰማ። የታች ሰፈር ሰዎች ነጠላው መነሳቱን አይተው «ዕርቅ ወርዷል» ብለው ወደ ውኃው መጡ፤ የእኛዎቹ ደግሞ «ነጠላውን እነሱ አነሱት» አሉ። አጎቴ ተኮሰ። በሬዎቹን ሊያጠጣ የመጣ የታች ሰፈር ጎልማሳ ወድቆ ቀረ።

ሹሙ ጉድጓዱን በወታደር አስጠበቀና ሽማግሌ ጠራ። ምሽጉ በር ላይ ወንበር ተደረደረ። ከሁለቱም ሰፈር ወንዶች ተቀመጡ፤ አባቴም አንዱ ነው። እናቴ ሌሎቹን ሴቶች አስከትላ ራሷን እንደገለጠች መጣች። እኔ ቀሚሷን ይዤ ነበር። አስተርጓሚው ፊት ቆመች።

«ንገረው እንዶ» አለችው። «ነጸላችንን ያነሳ እሱ ነው። እኛ ሳናነሳው ዕርቅ የለም። ደሙ በሓወይ፣ በወንድሜ እጅ ብቻ አይደለም፣ በእሱም እጅ አለ። አሁን እንደገና እንጥለዋለን፤ እኛም እንቀመጥ።»

አስተርጓሚው ሹሙን አየ፣ እናቴን አየ። አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ሹሙ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳት፤ ፈገግ ብሎም ረዘም ያለ ነገር መለሰ።

«ሴቶች በጣም ተጎድታችኋል ይላል» አለ አስተርጓሚው። «በወንዶች ጠብ አላደክማችሁም፤ ግቡና ዕረፉ ብሏል።»

በኋላ ራሱ አስተርጓሚው ለአባቴ እንደነገረው፣ ለሹሙ ያለው «ልብሷን ስለመለሳችሁላት ታመሰግናለች» ነው። ምን ያድርግ፣ እንጀራው ነው ይሉኛል። እኔ እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ወንዶቹ ብቻቸውን ጨረሱት። ውኃው ለሁለቱም ሰፈር በተራ ሆነ። ደሙ ደግሞ በአገሩ ደንብ በጋብቻ ይድረቅ ተባለ፤ ከገዳይ ወገን ልጅ ለሟች ወንድም ትሰጣለች፣ ደመኛው አማች ይሆናል። ደንቡ ድሮም ነበር፤ አዲስ አይደለም። ነገር ግን ሴቶቹ ሲቀመጡበት ልጅቱን ይጠይቋታል፤ እምቢ ካለች ሌላ መላ ይፈለጋል። አሁን የሚጠይቅ አልነበረም። አጎቴ ሴት ልጅ የለውም። ስለዚህ እህቴ ሆነች።

አባቴ ከሸንጎው ሲመለስ ቀና ብሎ አላየንም።

«ሽማግሌ ከቆረጠ ምን ላድርግ?» አለ።

«አንተስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አልነበርክም?» አለችው እናቴ።

እህቴ እንዝርቷን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። መፍተሏን አላቆመችም፤ ክሩ ግን እየተበጠሰ አስቸገራት።

በተሰጠችበት ቀን ሹሙ ፎቶግራፍ ማንሻ ይዞ መጣ። የሁለቱን ሰፈር ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ አያያዘ፤ እሱም መሃላቸው ገብቶ ቆመ። እህቴ ተሸፋፍና በበቅሎ ከጀርባቸው አለፈች። ሴቶቹ እልል በሉ ተባልን። እናቴ አፏን አልከፈተችም። ሹሙ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ሰላም አውርዶ ሄደ እያሉ አመሰገኑት።

የባሏ ቤት ከእኛ ደጅ ይታያል። እህቴ ግን እኛ ጋ እንድትመጣ አልተፈቀደላትም። የሟች እናት ፊቷን ማየት አትወድም፤ ከዓይኗ ስትርቅም አትወድም። ጉድጓዱ ላይ የእኛ ተራ አልቆ የእነሱ ሲጀምር እንተያያለን። አንገቷን ትደፋለች፤ እኔም እንስራዬን ተሸክሜ እሄዳለሁ። ሳቋን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። አባቴም ስለ እሷ ሲነሳ ወጥቶ በቅሎዎቹን ያይ ጀመር፣ በቅሎዎቹ ምንም ሳይሆኑ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጋው እንደገና ከፋ። ወንዶቹም እንደገና ተፋጠጡ። የሰፈራችን ሴቶች እየሮጡ ቤታችን ገቡ።

«ነዪ እንዶ» አሏት እናቴን። «አንቺ ካልጀመርሽ ማን ይጀምራል?»

እናቴ መደብ ላይ እንደተቀመጠች ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠመጠመችና ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

«የምጥለው የለኝም» አለች። «ያለችኝን ወስዳችኋል። ፈረንጁን ጥሩት።»

ሴቶቹ ትንሽ ለምነዋት ሄዱ። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ከታች ሰፈር በኩል አንዲት ሴት ብቻዋን ወጥታ ነጠላዋን መሃል ላይ ዘረጋች። በአረማመዷ ከሩቅ ለየኋት። የእኛዎቹ ሴቶች ወደ ቤታችን ዞር ዞር እያሉ እናቴን ይጠብቃሉ፤ የእነሱዎቹም የእኛን ይጠብቃሉ። ማንም አልተከተላትም። ወንዶቹ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ አንዱ ረግጦት አለፈ፤ ሌላውም ተከተለው። ወታደር የለቀመውና ያጠፈው ጨርቅ ነዋ፤ ማን ይፈራዋል። ያን ቀን የሞተ የለም፣ የተፈነከተ ግን ብዙ ነው።

እህቴ ነጠላዋን ከመሬት አንስታ፣ ሳታራግፈው፣ ሽቅብ ወደ እኛ መጣች። ከተሰጠች ወዲህ ደጃችንን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። የማንንም ፈቃድ አልጠየቀችም። እናቴ ከመደቡ ተነሳች። የምታቅፋት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ነጠላው ላይ ያለውን የእግር ምልክት አይታ እዚያው ቆመች።

«ምን ነክቶሽ ነው ብቻሽን የጣልሽው፣ ጓለይ?» አለቻት። «እንደማይሰሙሽ አታውቂም?»

«አንቺ ትመጫለሽ ብዬ ነዋ» አለች እህቴ።