የማይመሳሰሉት ስፒከሮቼ እና የአባባ ጆሮ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት... አባባን ከሚኖሩበት ከቀየት ወደ ሞላሌ ላመጣቸው መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። በማግስቱ የልጄ ክርስትና ነበር።

እኔ ሞላሌ አስተማሪ ነኝ። አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል አለችኝ። የስፒከሮቿ ነገር ግን ለብቻው ጣጣ ነው። የኋላዎቹ ተቀደው ሲንቀጫቀጩ ከርመው ደብረ ብርሃን አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰድኳት። ከፊቶቹ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አጣ፤ በእጁ ያለው የሌላ ብራንድ ነው።

«የፊትና የኋላው ሲለያይ አይጥምም፤ ኋላ እንዳትወቅሰኝ» አለኝ።

«ግድ የለም፣ ግጠመው» አልኩት። ቸኩዬ ነበር።

እውነቱን ነው፣ አልጣመም። የፊቶቹ ድምፃቸው ወፍራም፣ በብርድ ልብስ የታፈነ ዓይነት። የኋላዎቹ ቀጭን፣ ስል፣ ጆሮ የሚበሱ። ያው አንድ ሰው ሲዘፍን ፊት ለፊት ጉንፋን የያዘው፣ ከኋላ ደግሞ ማዶ ያለ ሰው የሚጣራ ይመስላል። ተመሳሳዩን አስመጥቶ እንዲቀይርልኝ ተነጋግረን ነበር።

አባባ የዜማ መምህር ናቸው። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ጆሯቸው ደከመ። ተማሪ ሲያዜም ስህተቱን መለየት ሲያቅታቸው አንድ ቀን ሁሉንም ሰብስበው «ሌላ መምህር ፈልጉ» ብለው አሰናበቷቸው። ከዚያ ወዲህ ዝም አሉ። ሰው ሲስቅ፣ ሳይሰሙ አብረው ፈገግ ይላሉ... እሱ ነው አንጀቴን የሚበላው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «እርጅና መድኃኒት የለውም፣ ተወኝ።»

የዚያን ዕለት ጋቢና አስቀመጥኳቸው። ለክርስትናው የተጠሩት ጎረቤታቸው እትዬ ዘነቡ ከኋላ ገቡ። የቀድሞ ተማሪያቸው ደሳለኝ፣ አሁን አዲስ አበባ የሚያገለግል ዲያቆን ነው፣ ያዜመውን በቴሌግራም ልኮልኝ ስለነበር ደስ ይበላቸው ብዬ በፍላሽ ከፈትኩት። ድምፁን ጨመርኩ። አባባ በመስኮት የገብሱን ማሳ ያያሉ... ምንም።

«አባባ፣ ይሰማዎታል?» ብዬ ጮህኩ።

«አዎ፣ ዘንድሮስ ገብሱ ደህና ነው» አሉኝ።

ዜማውን ሳልዘጋ መንዳቴን ቀጠልኩ።

ጥቂት እንደሄድን እትዬ ዘነቡ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው «ልጄ አቁም፣ አቁም... አቅለሸለሸኝ» አሉ። ኮረኮንቹ ከኋላ ለተቀመጠ አይቻልም። አባባ ሁኔታቸውን አይተው ወረዱና ጋቢናውን ለቀቁላቸው። አባቴን ከኋላ አስቀምጬ መንዳቱ አሳፈረኝ፤ ግን ጉዞ ቀጠልን።

አንድ ዳገት ጨርሰን ሜዳው ላይ እንደወጣን መቋሚያቸው ትከሻዬን ጎሰም አደረገኝ።

«ዘለለው!»

በግ መንገድ ውስጥ የገባ መስሎኝ ፍሬን ረገጥኩ። «ምን ዘለለ አባባ?»

«ርክርኩን ነዋ! እዚህ ላይ ድምፁን ማንከባለል አለበት፣ ዘሎት ሄደ! መልሰው እስቲ!»

መለስኩት። አባባ ከራሳቸው ጀርባ ወዳለው ስፒከር ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። እትዬ ዘነቡ ማቅለሽለሹን ረስተው ዞረው ያያሉ። ያቺ ቦታ ስትደርስ መቋሚያው ወለሉን መታ።

«ይኸው! ማነው እንዲህ አድርጎ ያስተማረው?»

«እርስዎ ነዎት አባባ! ደሳለኝ እኮ ነው!»

ሁለት ጊዜ ጮኼ ነገርኳቸው። ሲገባቸው ሳቁ... ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ዓይናቸውን በለበሱት ባና ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ያቺኑ ስፍራ ራሳቸው አዜሟት። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ርክርኩ ግን አንድም አልጎደለም። እኔ መሪውን ይዤ ቁጭ... መንዳት አቅቶኝ።

ሞላሌ ስንደርስ እትዬ ዘነቡ ወረዱ፣ አባባ ግን አልወርድም አሉ። ሦስቴ አስደግመው ሰሙት። በመጨረሻ እጄን ያዙኝ።

«ጆሮዬ የሞተ መስሎኝ ነበር ልጄ... ያ የምትለው ሐኪም ቤት ሰኞ ክፍት ነው?»

ሰኞ ደብረ ብርሃን ገባን። ሐኪሟ መርምራቸው፣ ሰው ሲሸመግል መጀመሪያ የሚርቀው ቀጫጭኑ ድምፅ እንደሆነ አስረዳችን። እኔ ጆሮ ይበሳል ብዬ የጠላሁት ስፒከር ለካስ ለእሳቸው የጎደለውን እየሞላላቸው ኖሯል! ከዚያው ወጥቼ ለኤሌክትሪሺያኑ ደወልኩና «ተወው፣ አልቀይርም» አልኩት። «የለመደ ጆሮ ምን ይደረጋል» ብሎ ሳቀብኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመስሚያ መሣሪያው ተሠርቶ ተገጠመላቸው። ስንመለስ ጋቢና ተቀምጠዋል። እኔ እንደ ልማዴ ዜና ከፍቼ እስከ መጨረሻው ጨመርኩት።

አባባ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ቀንሰው እንጂ! ሰው ልታደነቁር ነው እንዴ አንተ ልጅ?»

ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቴ ተቆጥተውኛል... እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ግን አያውቅም።