የአበቡ ቆሎና ምራቂው

የአዘዞ ሰው አበቡን የሚያውቃት በማመንታት ነው። ሽንኩርት ለመግዛት እንኳ ገበያውን ደጋግማ ትዞራለች፤ ሻጮቹም ስለለመዷት አይቆጧትም። ታዲያ በምግብ አብሳይነት የምትሠራበት ሆቴል ሲዘጋና ጎረቤት ሁሉ ቆሎሽን ለምን አትሸጪም እያለ ሲወተውታት፣ እንዲህ ያለች ሴት ምን ያህል እንደተጨነቀች መገመት አያቅትም።

ቆሎዋ እንደሆነ የዋዛ አይደለም። ገብሱ ከትውልድ አገሯ ከጃናሞራዋ መካነ ብርሃን የሚመጣ የደጋ ገብስ ነው። በጨው ውኃ ለወስ አድርጋ፣ እሳቱን እያባበለች፣ ሳታሳርር ትቆላዋለች። ከሱፍና ከሽምብራ ጋር ስትቀላቅለው የቀመሰ ሰው እጁን አይሰበስብም።

ሁለት መንገድ ቀረበላት። አንደኛው ከሚኒባስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው የወይዘሮ ወለተሩፋኤል ባለ አንድ በር ሱቅ ነው፤ ሴትዮዋ እስከ እሑድ ካልወሰድሽው ለጫማ ነጋዴ እሰጠዋለሁ ብለዋታል። ሁለተኛውን ያመጣችው የእህቷ ልጅ የትናየት ናት፤ በቴሌግራም መሸጥ። ኪራይ የለ፣ ፀሐይ የለ፤ ፎቶ መለጠፍ፣ ትእዛዝ መቀበል፣ መላክ፣ አለቀ።

እንደ ልማዷ ስታመነታ ልትከርም ነው ሲባል አበቡ ወዲያው ቴሌግራሙን መረጠች። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም፤ እኔ ግን ልናገርባት። ዕፍረት ነው። አባቷ አያ ክንዱ በጃናሞራ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። በእነሱ ዘንድ እህል መሸጥ ወግ ነው፤ ቆሎ ግን ለእንግዳ ይዘገናል እንጂ በር ላይ ተቀምጦ አይቸረቸርም፤ ያ የቸገረው ሰው ሥራ ነው። የአያ ክንዱ ልጅ ቆሎ ሻጭ ሆነች የሚል ወሬ ደጋ ቢወጣ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያሉ ያሳደጓት አባት ምን ይሰማቸዋል? ስለዚህ ቴሌግራሙ ላይ ስሟም መልኳም እንዳይወጣ የትናየትን አስማለቻት።

ትእዛዝ መጣ። ቆሎው በላስቲክ ታሽጎ በማለደ ሚኒባስ ወደ ጎንደር ፒያሳ ይሄዳል፤ ደንበኞች እዚያ ከሾፌሩ ከማለደ እጅ ይቀበላሉ። ሁሉም ሸጋ ሆነ፣ አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳት። ምራቂ የለውም። ባደገችበት ገበያ ሰፍሮ ሲጨርስ አንድ እፍኝ የማይመርቅ ሻጭ ንፉግ ነው። የትናየት አስቀድመሽ ጨምረሽ አሽጊው ብትላት፣ ገዢው ዓይኑ እያየ ያልተጨመረ ምራቂ ምኑ ምራቂ ነው አለች። አስባ አስባ ለማለደ ለብቻው አንድ ከረጢት ቆሎ ሰጠችውና፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከዚህ አንድ እፍኝ ዝገንለት አለችው።

ማለደ ደግሞ ከረጢት ተከፍቶ ሰው እያየ ዝም ማለት የማይሆንለት ፍጡር ነው። ገና ከአዘዞ ሳይወጣ መጀመሪያ ጋቢና ለተቀመጡት፣ ቀጥሎ ለኋላዎቹ ያዘግናል። ከየት የመጣ ነው ላለው ሁሉ፣ የአዘዞዋ የአበቡ ምራቂ ነው፣ ቤቷም ከመናኸሪያው ጀርባ ነው ይላል። በቴሌግራም የተደበቀችው ሴት በሚኒባስ ታወጀች። ሰው ላስቲኩን ይዞ በሯን ያንኳኳ ጀመር። እሷም ማን ነገራችሁ እያለች ትደነግጣለች፣ እየደነገጠችም ትሸጣለች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አያ ክንዱ ዓይናቸውን ለመታከም ጎንደር መጡ። ሳይነግሯት ከፒያሳ ሚኒባስ ተሳፍረው አዘዞ ወረዱ፤ የማን ሚኒባስ እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም። በሯ ላይ ቆመው የጋቢያቸውን ጫፍ ሲፈቱት አበቡ የራሷን ቆሎ አየች።

«ይህ የእናትሽ እጅ ነው» አሉ አያ ክንዱ። «ገና ስቀምሰው አወቅሁት። ምነው ደበቅሽኝ?»

«ስምዎን ፈርቼ ነው፣ አባባ» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ሽማግሌው ቆሎውን መልሰው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። እስኪመሽ ዝም ብለው ዋሉ። አበቡ ዝምታውን ቁጣ ነው ብላ ስለቆጠረችው ሱቁንም ቴሌግራሙንም በሐሳቧ ዘጋጋች። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች ማለት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ግን አባቷ እግራቸውን ወደ መናኸሪያው አዞሩና ያ ሱቅ የቱ ነው አሏት፤ የትናየት ሳታወራ አልቀረችም። የቀጠሮው ቀን ነውና ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ቁልፍ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። አበቡ አፏን ሳትከፍት ዕንባቆም ከማዶ ብቅ አለ። ዕንባቆም የጃናሞራ ከብት ነጋዴ ነው፤ የሰማውን ወሬ ደግሞ ሳያድር ለዘመድ አዝማድ ያደርሳል። አበቡ ከሰው ሁሉ የምትፈራው እሱን ነበርና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

«አያ ክንዱ፣ ምነው እዚህ?» አለ ዕንባቆም ጎንበስ ብሎ።

አያ ክንዱ አንድ እፍኝ ቆሎ ከጋቢያቸው ዘግነው በመዳፉ ላይ አፈሰሱለት።

«የልጄን ሱቅ ለማየት ነው» አሉ፣ መናኸሪያው እስኪሰማ። «ቆሎ ትሸጣለች። አገር ቤት ስትገባ ለሰው ሁሉ ንገርልኝ፤ አዘዞ የሚመጣ የአገሬ ሰው ከሌላ እንዳይገዛ።»

ዕንባቆም አላመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን እንደገና ዘረጋ። አበቡ እያለቀሰችም እየሳቀችም ቁልፉን ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ተቀበለች።

ከሰዓት በኋላ የትናየት ስልኳን አውጥታ ቴሌግራሙ ላይ አሁንስ ስምሽን ልጻፈው ወይ አለቻት።

«ጻፊው» አለች አበቡ። «የአያ ክንዱ ልጅ ብለሽም ጨምሪበት።»