ሁለቱ ፊታውራሪ አያሌው

ዛሬ ጠዋት ታናሽ እህቴ ዝናሽ ደወለችልኝ። ላሊበላ በምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። «ዘንድሮም ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው። ሰፈሮቹ የፊታውራሪን ሙት ዓመት መቼ እናክብር ብለው ተጣልተዋል» አለችኝ። አንሶላውን ጥዬ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

የተማርኩት ከሙጃ ወዲያ ባለች ደጋ ቀበሌ ነው። ትምህርት ቤታችን በፊታውራሪ አያሌው ስም ይጠራል፤ ጣጣው ፊታውራሪ አያሌው ሁለት መሆናቸው ነው። የላይ ሰፈሩ አያሌው ገዥ ነበሩ፤ የትምህርት ቤቱን መሬት የሰጡት እሳቸው ናቸው ይላሉ ዘሮቻቸው። የታች ሰፈሩ አያሌው አዲስ አበባ ፓርላማ የተቀመጡ ናቸው፤ የማስከፈቻ ፈቃዱን ያመጡት እሳቸው ናቸው ይላሉ የእነሱ ዘሮች። ታፔላው የቱ እንደሆኑ አይናገርም። ድሮ ትምህርት ቤቱ በሁለቱም ሙት ዓመት ይዘጋና ሁሉም ደስ ብሎት ያድር ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ግን ጦርነቱ የትምህርት ወራት በልቶብን ነበር። ርዕሰ መምህሩ «ቀን የለንም፤ አንዱን ምረጡ» አለ። የላይ ሰፈር «የእኛ ካልተከበረ ልጆቻችን ያን ግቢ አይረግጡም» ብሎ ተገዘተ። የታች ሰፈርም ምን ሲያንሰው፣ ተገዘተ። አባቴም ከላይ ሰፈር ጋር ማለ። እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ካመለጠኝ የሚጠብቀኝ ባል ነው። ስሙን ሁሉ ነግረውኛል።

በልጉ ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ቤት ተቀምጬ ያንኑ የሂሳብ ገጽ አገላብጣለሁ፤ የሚያስረዳኝ የለም። 

በዐቢይ ጾም መካከል ሽማግሌዎች አስታረቋቸው። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። አባቴ መለሰኝ። ግዝት የሚፈታው በማዕድ ነው፤ በግ ታርዶ ሁለቱ ሰፈር አብሮ ሲበላ። በጾም ደግሞ በግ አይታረድም።

ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሄድኩና የንስሐ አባታችንን መስቀል ተሳለምኩ።

«አባ፣ እስከ ፋሲካ ከተጠበቀ እኔ አለቀልኝ።»

«ምን ላርግሽ ልጄ፣ ግዝት ያለ ማዕድ አይፈታም።»

«ሽሮም ማዕድ ነው፤ በሽሮ ይፍቱልን።»

ፈገግ አሉ። «እኔስ በፈታሁ። እነዚህን ጠይቂ እንጂ።»

«ፊታውራሪን በሽሮ?» አለ አባቴ ከሽማግሌዎቹ መካከል። የታች ሰፈሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እውነቱን ነው፤ ሰው ምን ይለናል?»

«ሁለቱም ሞተዋል፤ አይርባቸውም» አልኩ። «ያልሞትኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ፣ አፈኛ!» አለኝ አባቴ።

በጉ በፋሲካ ማግስት ታረደ። እኔም በላሁ፤ መጣፈጡ ነው የሚያናድደኝ። ከዚያ በኋላ አስተማሪዎቹ የዓመቱን ትምህርት ሊያጎርሱን ተጣደፉ፤ አልተዋጠልንም። ተፈተንኩ፤ ወደቅኩ። ሰርጉ ሳይደርስ እግሬ እንዳመጣኝ ላሊበላ ገባሁ።

የሰፈሬ ሰዎች ክፉዎች ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ጠልቼ እገላገል ነበር። ክፉ አልነበሩም። አባቴ እስከ ዛሬ «እንደዚያ ቀን ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ሰዉ ተቃቅፎ ያለቅስ ነበር። የእኔን ዓመት የበሉት ተፋቅረው ነው።

«አንቺስ ምን አሰብሽ?» አልኳት ዝናሽን።

«ምን አስባለሁ፤ እስኪታረቁ እጠብቃለኋ።»

«አትጠብቂ። ደብተርሽን ይዘሽ በነገው መኪና ነይ፤ እዚህ ትማሪያለሽ። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ እንተኛባታለን።»

 «አባባን ማን ይንገረው?» አለችኝ።

«ማንም። ሲያጣሽ ያውቀዋል።»