አባባ ያለው

ኢገን ከተማ ውስጥ ልጄ እግር ኳስ ስትጫወት ለተጎዳች ተጫዋች የረጩት የማደንዘዣ ስፕሬይ ሸተተኝና ስምንት ዓመቴን አስታወሰኝ።

ያኔ ኒው ሆፕ ሜዳ ላይ የወንድሜ የቢኒያም ቡድን አንድ ለዜሮ ይመራል። አሰልጣኙ አባባ ነው። «ሲነኩህ ውደቅ፣ ሰዓቱ ይሂድ» አለው። ሁለቴ ወደቀ፤ ዳኛው ሁለቴም ጨዋታውን አቆመ። በሦስተኛው አንድ ልጅ ቅልጥሙን ረገጠውና ሲሰበር ሰማሁት። ፊሽካ ግን አልተነፋም። «ጌት አፕ፣ ፌከር!»፣ ተነሣ አንተ አስመሳይ፣ እያሉ ሁለት የተጋጣሚ ቡድን ልጆች እጁን ይዘው ሳሩ ላይ ጎተቱት። አጥንቱ ካልሲውን ቀዶ ወጣ።

አባባ ሮጦ ደረሰና እላዩ ላይ ተደፍቶ፣ «እኔ ነኝ የሰበርኩህ» አለ። የረገጠውን ልጅ በዓይኔ ስላየሁ፣ ያኔ አባባ የተሳሳተ መሰለኝ።

አሁን ኢገን ላይም የልጄ ቡድን እየመራ ነበር። ልጄ ማንም ሳይነካት ሳሩ ላይ ተዘረረች።

«ተነሺ!» ብዬ ጮህኩ።

«ማሚ፣ ስቶፕ!»

ሜዳ ገብቼ በእጄ አነሳኋት።