ቀይ ካርቶን ያለበት ቀሚስ

የሸጥኩት ልብስ ሲመለስልኝ መጀመሪያ የማደርገው ማሽተት ነው። ስፌቱን አላይም፣ ቁልፉን አልነካም፤ ብብቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋለሁ። ይሄን ያስተማረችኝ አንዲት የወናጎ ደንበኛዬ ናት።

ዲላ ገበያው አጠገብ ሱቅ ካላቸው አንዲት ነጋዴ ሴት ቀሚስ በእምነት እወስድና በቴሌግራም ቻናሌ እሸጣለሁ። ፎቶውን ራሴ ለብሼ እነሳለሁ፣ ግን ከአንገት በታች ብቻ። አባቴ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ፊቴ ከስልክ ስልክ እንዲዞር አይፈልግም። ቻናሉ ላይ «ልክ ካልሆነ በሦስት ቀን ውስጥ ይመለሳል» ብዬ ጽፌ ነበር። ጅል ነበርኩ። ያቺ ደንበኛዬ ዓርብ ታዛለች፣ ቀሚሱ በሚኒባስ ይሄዳል፣ ሰኞ በዚያው ሚኒባስ ይመለሳል። «ጠበበኝ የኔ ቆንጆ።» የመጀመሪያው ጭስ ጭስ ይል ነበር። የሁለተኛው እጅጌ ቅቤ ጠጥቷል። ቀሚስ ሲጠብ ቅቤ ያወጣል ወይ ብዬ ብጠይቃት የሳቅ ምልክት ላከችልኝ።

ሁለቱንም አጥቤና ተኩሼ ለባለሱቋ መለስኩ። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ጨርቅ ሲዳስሱ የኖሩ ሴት ናቸው። በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት።

«ይሄ ውሃ የነካው ነው» አሉ።

«ትንሽ አቧራ ነበረበት እትዬ።»

«ስሚ ልጄ፣ እኔ ያመንኩት አንቺን እንጂ ስልክሽን አይደለም። አንድ ሌላ እንዲህ ሆኖ ከመጣ ሱቄን እርሺው።»

ሱቁን ብረሳ ምን እንደምሆን አውቀዋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጬ ነበር፤ እናቴ እንደ ወንበር ቆጥራኝ «ከዚህ ተነሺ፣ ልጥረግበት» ማለት ጀምራ ነበር። በባዶ እጅ ለሄደች ልጅ ዕቃ የሚሰጥ ሌላ ሱቅ ደግሞ የለም።

ስለዚህ ዘዴ አመጣሁ። ከጫማ ካርቶን መዳፍ የሚያህል ቆረጥኩ፣ ቀይ ቀባሁት፣ «ከተነቀለ አይመለስም» ብዬ ጻፍኩበትና በየቀሚሱ ደረት ላይ ሰፋሁት። ይሄን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሰርግ የሚሄድ ሰው የለም ብዬ ኮራሁ። በዚያው ሳምንት ያቺው ደንበኛዬ አንድ አረንጓዴ ቀሚስ አዘዘች። እምቢ ማለት እችል ነበር፣ ግን ካርቶኔን ልሞክረው አማረኝ።

ቅዳሜ የክፍል ጓደኛዬ እዚያው ወናጎ ተዳረች። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ መቀመጫ ስፈልግ አረንጓዴው ቀሚስ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ባለሱቋ ያስመጡት አንድ ብቻ ስለሆነ ልሳሳት አልችልም። ደረቷ ላይ ነጠላ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ ከሥሩ አራት ማዕዘን ነገር ጉብ ብሏል።

አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ፊቴን አታውቀውም።

«ነይ የኔ እህት፣ ጠጋ በይ» ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ደግ ሴት ሆና ማግኘቴ አናደደኝ።

«አይሞቅሽም? ነጠላውን አውልቂው እንጂ» አልኳት።

«ብርድ ብርድ ይለኛል» አለች፣ የግንባሯን ላብ እየጠረገች።

ሰው ፊት ላዋርዳት አስቤ ነበር። ቆጮው፣ ጎመኑና ወጡ በአንድ ትሪ ሲመጣ ግን ሐሳቤ ሁሉ ቀሚሱ ላይ ሆነ። ካርቶኑ እስካልተነቀለ ድረስ ራሴ ባወጣሁት ሕግ መቀበል ግዴታዬ ነው። አንዲት ጠብታ ከነካችው አለቀልኝ። ስለዚህ ወጡን ወደ እኔ ሳብኩት። ስትጎርስ መዳፌን ከአገጯ ሥር እዘረጋለሁ። እንዲያም አላስተማመነኝም፤ በገዛ እጄ አጎርሳት ጀመር።

«ኧረ በቃኝ! ምን ዓይነት ፍቅር ነው?» አለች፣ አፏ ሞልቶ።

ትንሽ ቆይቼ በስልኬ «ቀሚሱ ልክ ሆነልሽ?» ብዬ ላኩላት። ጭኗ ላይ ስልኳ ጮኸ። በግራ እጇ መልስ ጻፈች፣ የእኔ ስልክ ጮኸ። «ወገቡ ጠበበኝ የኔ ቆንጆ፣ ሰኞ እልከዋለሁ።»

«የጠበበሽ ከቆጮው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አልኳት በአፌ።

ስልኳን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ከአንገቴ በታች አስተውላ አየችኝ።

«አንገት የሌላት ልጅ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። አንገትም አፍም አለኝ።»

«ቀስ በይ፣ የባሌ ዘመዶች ናቸው ፊት ለፊት ያሉት! ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ነው የሚዳረው፤ በየሰርጉ አንድ ልብስ ለብሼ ልታይ? ደግሞ አንቺስ? ከእኔ በፊት ለብሰሽ ፎቶ ተነስተሽበት የለም?»

እውነቷን ነው። ለብሼዋለሁ። እንዲያውም አምሮብኝ ከፎቶው በኋላ እስከ ቴሌ መንገድ ወዲያና ወዲህ ብዬበታለሁ።

«ለብሼዋለሁ» አልኳት። «ግን ይሄ ቀሚስ ሰኞ ከተመለሰ ሥራ የለኝም። ባለሱቋ በጣታቸው ያውቁታል። ሌላ የሚያምነኝ የለም።»

የመርፌ ቁልፉን ፈታችና ነጠላውን አወረደች። ቀዩ ካርቶን ብቅ ሲል ፊት ለፊታችን ያሉት ሴትዮ አንገታቸውን አሰግገው አነበቡት።

«ከተነቀለ አይመለስም? ምንድን ነው እሱ?»

«የሰርጉ መግቢያ ነው እማማ» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦ «ንቀይው።»

መቀስ ከየት ይመጣል? ጎንበስ ብዬ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት።

«በይ አሁን ያንን ወጥ ወደዚህ አምጪው» አለችኝ። «ከተቀመጥሽ ጀምሮ እያሸሸሽብኝ ነው።»