አክስቴ የኋላ ኮፈን ውስጥ የገባች ቀን

አክስቴ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ልታገባ መሆኗን የነገረችኝ ጎመን እየቀነጠሰች ነው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«የቢታ ገነቱ ሰውዬ ሽማግሌ ሊልኩ ነው» አለች። «እኔም እሺ ብያለሁ። እንዳትስቂ።»

አልሳቅኩም። እልልታውን አቀለጥኩት እንጂ። ጎረቤቶቻችን ምን ተፈጠረ ብለው በአጥሩ ላይ ብቅ ብቅ አሉ።

እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ቦንጋ ገበያ አጠገብ ልብስ እየሰፋች አስተማረችኝ። የፊዚክስ መምህርት ሆኜ እዚያው ቦንጋ ስመደብም አብረን መኖራችንን ቀጠልን። እሷ ግን አንድም ቀን ስለ ትዳር አንስታ አታውቅም ነበር። ሰውዬው ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ነው። በስልክ ሲያወሩ ሁለቱም «እርስዎ» ይባባላሉ። «እርስዎ ምሳ በሉ?» «እርስዎስ?» ሲባባሉ እየሰማሁ ፊቴን ትራሴ ውስጥ ደብቄ ስቄያለሁ።

ሽማግሌዎቹ መጥተው ነገሩ ካለቀ በኋላ አክስቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«የሰርግ መኪና እንዳትከራዪ። በአንቺ መኪና ነው የምሄደው።»

መኪናዬ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ትምህርት ቤት በእግሬ ስለምሄድ ሳምንቱን ሙሉ ግቢ ትቆማለች። ቅዳሜ ማንኪራ ያለውን አጎቴን ልጠይቅ ብዬ ቁልፉን ሳዞር፣ ጣ ጣ ጣ ትልና ዝም። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች ሲገፉልኝ ትነሳለች፤ ቀኑን ሙሉም ምንም ሳትል ትውላለች። በሳምንቱ እንደገና ያው ነው። ባትሪው አርጅቷል ተብዬ አዲስ ገዛሁ። ቅዳሜ መጣ፤ ጣ ጣ ጣ።

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መናኸሪያው አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ችግሬን ሰምተው ሲጨርሱ፣

«ምንድን ነው የምታስተምሪው?» አሉኝ።

«ፊዚክስ።»

«ታዲያ ባትሪሽን ለክተሻል?»

አልለካሁም። በዚያው ሳምንት ስለ ቮልት ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ፣ ያልገባው ተማሪ ላይም ተቆጥቼ ነበር። ከሀፍረቴ ጫማዬን አየሁ። እሳቸው ግን አልሳቁብኝም።

«ሞተሩ ተነስቶ እያለ ለኪው» አሉ። «አሥራ አራት ቮልት አካባቢ ካሳየሽ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው፤ እሱን ተዪው። ከዚያ መኪናዋን አቁመሽ በየጠዋቱ ለኪና ጻፊ። ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ፣ አንቺ ተኝተሽ ባትሪውን የሚጠጣ ነገር አለ ማለት ነው። እሱን ሳታገኚ ሌላ ባትሪ ብትገዢም ለውጥ የለውም።»

መለኪያቸውንም አዋሱኝ፤ የሚጠጣውን ነገር እንዴት እንደምፈልግም አሳዩኝ።

ሞተሩ ተነስቶ ስለካው አሥራ አራት ነጥብ አንድ። ዲናሞው ነፃ ወጣ። ሰኞ ጠዋት፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ማክሰኞ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት። አክስቴ የልብስ ልክ በምትመዘግብበት ደብተር ላይ ቁጥሩን መጻፍ ጀመረች። ረቡዕ ፊቴን ሳልታጠብ በሬን አንኳኳች።

«ተነሺ እንጂ! ስንት እንዳደረች አናይም?»

አርብ ጠዋት አሥራ አንድ ነጥብ ሰባት ደረሰች። አክስቴ ደብተሩን ዘግታ፣ «እንግዲህ ሌባ አለ» አለች።

ቅዳሜ ባትሪውን አስሞልተን ፍለጋው ተጀመረ። ጋሼ እንዳሳዩኝ የባትሪውን አንድ ሽቦ ፈትቼ መለኪያውን መሃል አስገባሁት። ሁሉም ነገር ጠፍቶ፣ በሩ ሁሉ ተዘግቶ፣ መኪናዋ ግማሽ አምፒር ያህል እየወሰደች ነው። እኔ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እነቅላለሁ፤ አክስቴ መለኪያውን ታያለች።

«አልወረደም። አልወረደም። አልወረደም…» ከዚያ በአፍ መፍቻዋ በካፊኖኖ ጮኸች፤ ስትደሰትም ስትደነግጥም እንደዚያ ናት። «ዜሮ ሆነ!»

ፊውዙ የመብራቶች ነው፤ የውስጡ መብራትና የኋላ ኮፈን ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል። የውስጡ ጠፍቷል። የቀረችው ትንሿ አምፖል ናት። ኮፈኑ ሲዘጋ መጥፋት አለባት፤ ግን ተዘግቶ እያለ መብራት አለመብራቷን በምን እንወቅ? ፊውዙን መልሼ፣ የባትሪውን ሽቦ አስሬ፣ በኮፈኑ ጠርዝ ለማየት ተንበረከክሁ። ምንም አይታይም።

«ክፈቺው» አለች አክስቴ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልገባ ነዋ! እኔ ቀጭን ነኝ።»

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ሙሽራ ነሽ!»

«ሙሽራ ዓይን የላትም ያለሽ ማን ነው?»

ገባች። ጉልበቷን አጥፋ በጎኗ ተኛችና እንድዘጋው በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ቁልፉን እጄ ውስጥ አጥብቄ ይዤ ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

የግቢው በር የተንኳኳው በዚያች ቅጽበት ነው። ዘወር ስል፣ ሙሽራው! ከቢታ ገነት በጠዋቱ ሚኒባስ መጥተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ አንድ ባልዲ ማር ይዘው ቆመዋል።

«ደህና ዋልሽ ልጄ? አክስትሽ የሉም እንዴ?» አሉኝ።

ወዲያው ከመኪናዋ ውስጥ የታፈነ ጩኸት መጣ።

«በርታለች! አልጠፋችም! ሌባዋን አገኘኋት!»

ሰውዬው ባልዲውን መሬት አስቀመጡ። እኔን አዩ፤ መኪናዋን አዩ። ከዚያ ወደ ኮፈኑ ቀረብ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ አሉ።

«እንደምን ዋሉ?» አሉ።

ከውስጥ ክርን ኮፈኑን ሲመታ ኳ አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች አክስቴ። «እርስዎስ?»

ኮፈኑን የከፈትኩት እየሳቅኩ ነው። አክስቴ ጸጉሯ ተበታትኖ፣ ጉንጯ ላይ ጥቁር ቅባት ተለቅልቆ ብቅ አለች። ሰውዬው እጃቸውን ዘርግተው ሲያወጧት፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ድምፅ አውጥተው ሳቁ። እሷም ሳቀች። መኪናዋን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ትንሽ በረድ ሲልላቸው ሰውዬው ወደ አምፖሏ ጠቆም አድርገው፣

«እሷን ነቅላችሁ ብትለኩስ ኖሮ?» አሉ።

እኔና አክስቴ ተያየን። የፊዚክስ መምህርት ነኝ እኮ!

መለኪያውን መልሼ መሃል አስገብቼ ነቀልኳት፤ ዜሮ አለ። በቃ፣ ይህችው ናት። ሰውዬው ኮታቸውን አውልቀው፣ ኮፈኑ ሲዘጋ የሚጫናትን ማጥፊያ መረመሯት። በአቧራና በዝገት ተጣብቃ ኖሯል። በጨርቅና በትንሽ ዘይት ጠርገው አላቀቋት። አክስቴ አጠገባቸው ቆማ፣ «እዚህ ጋ ደግሞ ጥረግ፣ አላየኸውም» ስትላቸው ሰማሁ። «አየሁት፤ አንቺ ብርሃኑን ጋርደሽብኝ ነው» አሏት። እርስዎ መባባሉ የቀረው እንዲህ ነው። ሁለቱም ልብ ያሉት አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት መኪናዋን ሳልነካት አቆምኳት። ሰኞ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት፤ አርብም አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ገደማ። መለኪያውን ስመልስ ጋሼ የአምፖሏን ታሪክ ሰሙ፤ ሙሽራዋ ኮፈኑ ውስጥ የገባችበት ላይ ስደርስ ግን ሥራቸውን ትተው ወንበር ፈለጉ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ያካፋ ነበር። አክስቴ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ተቀመጠች። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነው፤ ባጃጅ ነጂዎቹም ሊገፉ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከኋላ ተሰልፈዋል። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ አንዴ ብቻ አጓራና ተነሳ። ባጃጅ ነጂዎቹ አጨበጨቡ፤ የአክስቴ እልልታ ግን ከሁሉም በላይ ተሰማ። ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቢታ ገነት ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የሙሽራው ቤተሰብ በካፊኖኖ እየዘፈነ መንገድ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን፤ አክስቴን ከመኪናዋ ሲያወርዷት ከሕዝቡ መሃል ነጭ ቀሚሷ ብቻ ይታየኝ ነበር። በልቼ፣ ጨፍሬ፣ አልቅሼም እዚያው አደርኩ።

በማግስቱ ስመለስ ለሰርጉ የመጡ አምስት የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ እናቶች ቦንጋ አድርሺን አሉኝ። ከኋላ አራት፣ ከፊት አንድ ሆነው ተጠቀጠቁ። ከተማውን ሳንወጣ መዝሙር ጀመሩ። ድምፄ እንደማያምር አውቃለሁ። ጫካው መሃል ስንደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እኔም አብሬ ዘመርኩ።