በመሞቂያ ላይ የወደቀው ጥላ

ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት ጥሪ መጣልኝ። አደባባዩን ከበው ስለሚሠሩት ሕንፃዎች ሕዝቡ ይወያይ ተብሎ፣ ከአዛውንቱ ወገን እኔ ተመርጫለሁ። ሰማንያን ካለፍሁ ወዲህ የምመረጠው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ከፊት ያስቀምጡኛል፣ ለስላሳ ያቀርቡልኛል፣ መጨረሻ ላይ ከእኔ ምርቃት ይጠብቃሉ። የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ደብረ ማርቆስ መሆኗን ያወቅሁት ከግርጌው ተጽፎ ስላየሁ ነው። መስተዋት የለበሱ ረጃጅም ሕንፃዎች፣ ከሥራቸው ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር፣ አግዳሚው ላይ የሚስቁ ሰዎች። መሐንዲሱ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጥሩ አድርጎ አስረዳን። እኔ ግን ሥዕሉ አንድ ነገር ጎድሎበት ታየኝና ልቤ እዚያው ቀረ። በኋላ ገባኝ፤ ከዚያ ሁሉ ሕንፃ አንዱም ጥላ የለውም።

«እማማ የሺ፣ እስቲ አንድ ነገር ይበሉን» ሲሉኝ ተነሥቼ ስለ አባቴ ነገርኋቸው። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ እዚያ ካወራሁት ትንሽ ረዘም ይላል።

ጣልያን ከተማችንን በያዘበት ዘመን እኔ ለአቅመ ሔዋን የተቃረብሁ ልጅ ነበርሁ። ከገበያው በላይ፣ ወደ ምዕራብ ያዘቀዘቀ ባዶ ሜዳ አለ፤ መሞቂያ እንለዋለን። የማንም አልነበረም፣ ስለዚህ የሁሉም ነበር። በታችኛው ጫፉ ላይ ረጅም የድንጋይ ካብ ተክቧል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል መጀመሪያ የምታርፈው እዚያ ካብ ላይ ነው። የማርቆስን ብርድ የማያውቅ ሰው ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር ነው ይል ይሆናል። የጥቅምትን ጠዋት መጥቶ ይቅመሰውና ያውራን። ቁርጥማት የያዘው ሽማግሌ፣ ከዓባይ በረሃ ወባ ይዞ የተመለሰ ጎልማሳ፣ ልጇን ያቀፈች አራስ፣ ክረምት ያረጠበውን ባቄላ የምታሰጣ ሴት፣ ሁሉም ጀርባውን ለካቡ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይቀመጣል። ቆሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሐሜቱም አብሮ ይዞራል።

መሞቂያ ግን ለሙቀት ብቻ አልነበረም። የተጣላ የሚታረቀው፣ ወሰን የተጋፋ የሚዳኘው እዚያው ነው። ጣልያን ሰው ተሰብስቦ ማየት አይወድም፤ ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ ለአርበኛ ይመክራል ይላል። መሞቂያ ላይ ግን ወታደር መጥቶ «ምን ትሠራላችሁ?» ሲል «ፀሐይ እየሞቅን» ይሉታል። እውነትም እየሞቁ ነው፤ ምን ይበል? የሽማግሌዎቹ የበላይ አያ ዘለቀ የሚባሉ፣ ጉልበታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው፣ አባቴን ክርስትና ያነሡ ሰው ነበሩ። ሁለት ባላጋራ ግራና ቀኛቸው ተቀምጦ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያንቀላፉ መስለው ነገር ይሰማሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ፀሐይ የሚሞቁ ምስኪን ሽማግሌ ናቸው።

አባቴ ተገኘ ግንበኛ ነበር። እናቴ ገና በሕፃንነቴ ስለሞተች ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። አንድ የጣልያን ነጋዴ ከመሞቂያው በላይ፣ በምሥራቁ ጠርዝ፣ ታቹ መደብር ላዩ መጠጥ ቤት የሚሆን ፎቅ ማሠራት ፈለገና አባቴን አስጠራው። እምቢ ማለት ይችል ነበር ወይ? በዚያ ዘመን እምቢ ያለ ወይ ጫካ ይገባል፣ ወይ ይታሰራል። ግን እውነቱን ልናገር፤ አባቴ ያን ፎቅ በግድ አልሠራውም። ወድዶ ነው የሠራው። ዕድሜውን ሙሉ ካብና የቤተ ክርስቲያን አጥር ሲገነባ ኖሮ፣ ድንጋይን እስከዚያ ድረስ ሽቅብ ማውጣት ሲፈቀድለት እንደ ሙሽራ ደስ አለው። ማታ ማታ በእሳቱ ፊት ጣቱን አመድ ላይ እየጎተተ የመስኮቱን ቅስት ይስልልኝ ነበር።

እኔማ ምን ልበላችሁ፤ ኩራቴ ልክ አልነበረውም። የሰፈሩ ልጅ የዳጉሳ እንጀራ በጎመን ሲበላ እኔ አባቴ ያመጣልኝን ፉርኖ ዳቦ አውጥቼ ደጃፍ ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ ቀስ ብዬ እገምጣለሁ። አዲስ ቀሚስም ተሰፋልኝ። አንድ ቀን ደግሞ ላይኛው ፎቅ ድረስ አወጣኝ። በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ የገበያው ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ይሄዳሉ፣ የአያ ዘለቀ መላጣ ከነጭ ጥምጥማቸው መሐል ብቅ ብሎ ይታያል። ሳቅሁ። አባቴ «በሽማግሌ አይሳቅም» አለኝና እሱም ሳቀ።

እንግዲህ ስህተቱ እንዴት ገባ? በአገራችን ግንበኛ ሥራ ሲጀምር ጎረቤት ጠርቶ የጠፈጠፉን ነገር ይጠይቃል፤ የጣራው ውኃ በማን በኩል ይውረድ፣ የማንን ግድግዳ ይነካል ይባባላል። በዚህ ተጣልቶ ደም የተቃባ ስላለ ማንም አይዘነጋውም። የጥላን ነገር የጠየቀ ግን የለም። ጎጆ ጥላው ምን ያህል ነው? ዶሮ ቢያስጠልል ነው። በዚያ ላይ ነጋዴው ቸኩሎ ስለነበር ግንቡ የተነሣው በክረምት፣ በሸራ ተሸፍኖ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማርቆስ ውስጥ ፀሐይ የለ፣ ጥላ የለ። አያ ዘለቀ ራሳቸው ዣንጥላቸውን ዘርግተው መጥተው «ጠፈጠፉ ወደ ሜዳው እንዳይወርድብን ብቻ» አሉት፤ አባቴም ውኃውን በጓሮ በኩል አወረደላቸውና ተመራርቀው ተለያዩ።

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ሰዉ እንደ ልማዱ ወጥቶ ካቡ ሥር ተቀመጠ። ፀሐይ ግን አልመጣችም። ሜዳው ቁልቁል ስለሆነ ጥላው ከፎቁ ጀምሮ እስከ ካቡ ድረስ ተዘርግቷል። «ትደርሳለች፣ ትደርሳለች» እየተባባሉ ጠበቁ። ስትደርስ ሰዉ ወደ ሥራው የሚበተንበት ሰዓት ሆኖ ነበር። ውርጩ ሣሩ ላይ አልቀለጠም፣ ባቄላው ሻገተ፤ አራሷም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሽማግሌዎቹ ግን ነገር ይዘው ስለነበር ጋቢያቸውን ተከናንበው እየተንቀጠቀጡ ይቀመጣሉ። ከሉማሜ መንገድ በኩል የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች በርስት ወሰን ተካሰው፣ ታርቀው ሊጨርሱ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ያን ጊዜ ነው ወታደሩ ከአስተርጓሚው ጋር የመጣው።

«ምን ትሠራላችሁ?»

«ፀሐይ እየሞቅን፣ ጌታዬ» አሉ አያ ዘለቀ።

ወታደሩ ሲተረጎምለት ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ ፎቁን አየ፣ ሳቀ። አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ «የታለች ፀሐይዋ? ይላል» አላቸው።

በሰደፍ እየተገፉ ተበተኑ፤ ከእንግዲህ ጠዋት እዚያ የተገኘ ይታሰራል ተባለ። በሳምንቱ ወንድማማቾቹ፣ የሚይዛቸው ዳኛ ሲጠፋ፣ እዚያው ወሰናቸው ላይ በዱላ ተፈናከቱና የታናሽየው አንድ ዓይን ፈሰሰ።

ወሬው ቤታችን ሲደርስ አባቴ እራት ላይ ነበር። የጎረሰውን ዋጠና እጁን ሰበሰበ።

«የሺ፣ ክረምቱን ሙሉ የዚያን ግንብ ጥላ አንድ ቀን አይቼዋለሁ?»

«ፀሐይ አልነበረም እኮ፣ አባዬ።»

«ይህ ለግንበኛ መልስ ይሆናል?» አለኝ።

ቅዳሜ ገበያው ጥቅጥቅ ብሎ ነበር። እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ድንች የምትሸጥ ሴት ፊት ቆሜአለሁ። ከወደ ላይ ሰዉ ግራና ቀኝ መንገድ ሲለቅ አየሁ። አባቴ ነው። ጫማውን አውልቋል፣ ነጠላውን አደግድጓል፣ ማጅራቱ ላይ ከፎቁ የተረፈ ጥርብ ድንጋይ ተሸክሞ በሁለት እጁ ደግፎታል። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ይመጣል፣ ድንጋዩን ከአንገቱ የሚያወርዱለት እነሱ ናቸው። ብዙ ጊዜ አይቼው ነበር። የራሴን አባት ግን አይቼ አላውቅም።

«የጣልያኑ ግንበኛ ነው» አለ አንዱ። «ባንዳ!» አለ ሌላው። አንዲት አሮጊት «ይሁን፣ ደግ አደረገ» አሉ። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። አባቴ በበደሉ ሳይሆን በማጎንበሱ አሳፈረኝ፤ ሰዉ ሁሉ ከእሱ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ወደ እኔ የሚያዞር መሰለኝ።

እኛ ዘንድ ሲደርስ ነጠላው ተፈትቶ እግሩ ሥር ይጎተት ነበር። ሊያስተካክለው እጁ አልተረፈውም። ቀና ማለትም ስለማይችል በቅንድቡ ሥር አየኝ።

«የሺ፣ ልጄ፣ ይህችን ነጠላ ያዢልኝ። ልትጥለኝ ነው።»

አንደኛዋ ጓደኛዬ «አንቺ፣ አባትሽ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ አይደሉም» አልሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት፤ ሌላውም እንዲሰማልኝ። ፊቴንም ወደ ድንቹ አዞርሁ።

አባቴ ትንሽ ቆመ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ» አለኝ፤ «ልጄን መስለሽኝ ነው።»

ድንች ሻጯ ከመቀመጫዋ ተነሣች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ነጠላውን ከመሬት አንሥታ፣ አራግፋ፣ ወገቡ ላይ አጥብቃ አሰረችለት። እኔን አላየችኝም፤ ወይም ማየት አልፈለገችም። አባቴ መርቋት ሄደ።

ከሰዉ ኋላ ተደብቄ ተከተልሁት። ቀትር ስለነበር ፀሐይ ፎቁን ዘልላ ካቡ ላይ አርፋለች፣ ሽማግሌዎቹም ተቀምጠዋል። «ምን በደልህ?» አሉት አያ ዘለቀ፣ የማያውቁት ይመስል። «ፀሐያችሁን ወሰድሁ» አላቸው። አያ ዘለቀ ቀና ብለው ፎቁን አዩት። «ፎቁን አፍርስ አንልህም፤ ያንተ አይደለም። ያንተ የሆነ ምን አለህ?» «ቤቴና ግቢዬ።» «ግቢህ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል?» «ከንጋት ጀምሮ።» «እንግዲያስ አጥርህን አፍርስ» አሉና ድንጋዩን ከአንገቱ አወረዱለት፤ የቆመው ሕዝብም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ።

ማታ ሲመጣ እራት አቀረብሁለት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝም በወደድሁ። «ነጠላዬን ጭቃ ነክቶታል፣ ነገ ታጥቢልኛለሽ?» አለኝ። ይኸው ነው። በበነጋው አጥራችንን ነቅሎ በግድግዳችን ርዝመት የድንጋይ መደብ ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ጣልያን ከአገር እስኪወጣ ድረስ፣ ከወጣም በኋላ ብዙ ዓመት፣ የሰፈሩ በሽተኛና ባላጋራ የሚውለው እኛ ደጅ ነበር። ወታደር ሲመጣ «ፀሐይ እየሞቅን» ይሉታል። ለእነሱ ውኃ የማቀብለው እኔ ነበርሁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያን ቅዳሜ አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔም አላነሣሁም፤ ይቅር በለኝ የምልበት ቀን ሁልጊዜ ነገ ይመስለኝ ነበር።

በአዳራሹ ውስጥ መሞቂያውን፣ ጠፈጠፉን፣ የወታደሩን ሳቅ፣ ድንጋዩን፣ የፈረሰውን አጥር ነገርኋቸው። ሕንፃ አይሠራ አላልሁም፤ ሰዉ በዝቷል፣ ልጆች ቤትም ሥራም ይሻሉ። ብቻ የጥቅምት ጠዋት ጥላው ማን ላይ እንደሚያርፍ ሳታዩ መሠረት አትጣሉ አልኋቸው። መሐንዲሱ ጥላውን አስልቼ ሥዕሉ ላይ አሳያለሁ ብሎ በሕዝብ ፊት ቃል ገባ። ሰዉ አጨበጨበ። የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ መሆን ያኮራል አሉኝ፤ እኔም አንገቴን ነቅነቅ አደረግሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ካባ ለብሼ፣ ለአባቴ የተጨበጨበውን ጭብጨባ ተቀበልሁ።

ልወጣ ስል አንዲት ተማሪ ክንዴን ደገፈችና «እማማ፣ ያን ዕለት እርስዎም አብረዋቸው ነበሩ?» አለችኝ።

«አዎ ልጄ፣ አጠገቡ ነበርሁ» አልኋት።

ውሸት አይደለም። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር።